ሦስተኛውን ዙር ብቻ አይታችሁ «ተዘረፈ» አትበሉ

ወገኖች፣ ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር ስሞታችን ያው ነው፦ «ቦክስ አያሳዩንም፤ ቢያሳዩንም ዳኝነቱ የተበላ ነው።» ከጥፋቱ ግማሹ የኛው ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንያዝ። ለፓሪስ 2024 (እ.ኤ.አ.) የተመደበው ኮታ 248 ቦክሰኛ ነበር፤ የክብደት ምድቡ 13። የተሸነፈ ይሰናበታል፤ ለነሐስ ግጥሚያ የለም። ስለዚህ ከ13ቱ አሸናፊዎች በቀር ሁሉም አንዴ አንዴ ይሸነፋል፤ ወደ 235 ግጥሚያ ይሆናል። ሦስት ዙር ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ ከሁለት ደቂቃ እረፍት ጋር 11 ደቂቃ ነው። ሁሉም እስከ መጨረሻው ደወል ቢዘልቅ 43 ሰዓት ይፈጃል። 13ቱ ፍጻሜዎች ግን ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞሉም። ጣቢያው የአገሩን ልጅና ፍጻሜውን አሳይቶ ሌላውን ቢዘል ምን ይገርማል?

እኛስ የቱን አየን? የአልጄሪያዊቷን የኢማን ኸሊፍንና ግጥሚያውን አቋርጣ የወጣችውን የጣሊያናዊቷን የአንጄላ ካሪኒን 46 ሰከንድ ያላየም ያልፈረደም የለም። እዚያው ውድድር ላይ ሲንዲ ንጋምባ ለስደተኞች ቡድን የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ስታስገኝ ግን ስንቶቻችሁ ቁጭ ብላችሁ አያችሁ? ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል።

የሚብሰው ግን መጨረሻው ላይ ደርሶ መፍረድ ነው። አምስቱም ዳኞች እያንዳንዱን ዙር ለብቻው ነው የሚሞሉት፦ ለአሸናፊው 10፣ ለተሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ 9። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙር በጥቂቱ የበለጠ ቦክሰኛ በሦስተኛው ሲንገዳገድ ቢውልና 10 ለ 9 ቢበለጥም ካርዱ 29 ለ 28 የሱ ነው። እናንተ የምታስታውሱት መንገዳገዱን ብቻ ነው። ዓይንም ያታልላል፦ ጀርባውን ለካሜራው የሰጠ ሰው በተጋጣሚው ሆድ ላይ የሚያሳርፈው አጭር ቡጢ አይታያችሁም፤ ክንድ ላይ የከሸፈው ሰፊ ውርወራ ግን ጮሆ ይሰማል። በጓንቱ የውስጥ ወገን ያረፈ ጥፊም ነጥብ የለውም።

ስርቆት የለም ማለታችን አይደለም። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሴኡል ኦሊምፒክ ላይ አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ በአገሬው ልጅ በፓርክ ሲ ሁን በዳኞች ድምፅ 3 ለ 2 ተሸነፈ ሲባል ዓለም የጮኸው ግን ሦስቱንም ዙር አይቶ ነው።

እናም ቁራጩን ትታችሁ ሙሉ ቅጂውን ፈልጉ። የአስተያየት ሰጪውን ድምፅ ዝጉ፣ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር አስምሩ፤ ደወል በተደወለ ቁጥር የእረፍቷ ደቂቃ ሳታልቅ ቁጥራችሁን ጻፉ። አንዴ የጻፋችሁትን ደግሞ እንዳትሰርዙ።