የባል ምኞት፣ የሚስት ወቀሳ

ሀገር ቤት ሳለሁ የሼክስፒርን ተውኔት «ማክቤዝ»ን ያነበብኩት በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ሲሆን፣ ከጓደኞቼ ጋር ስለ ተውኔቱ ስንወያይ ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ፍርድ ነበረን፤ ጥፋቱ የሚስቲቱ ነው፣ ጀግናውን ባሏን ገፋፍታ ነፍሰ ገዳይ ያደረገችው እርሷ ናት የሚል። አሜሪካ ስመጣ ሰዉ በእንዲህ ያለው ጉዳይ ላይ ሌላ ዓይን ይኖረዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሆኖም ከ2008 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የታየው «ብሬኪንግ ባድ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ መነጋገሪያ በሆነ ጊዜ የሰማሁት ያንኑ ፍርድ ነው።

የድራማው ባለታሪክ ዋልተር ዋይት የኬሚስትሪ መምህር ነው። ካንሰር እንደያዘው ሲያውቅ ለቤተሰቡ ገንዘብ ትቶ ለመሞት በሚል ምክንያት ሜታምፌታሚን የተባለውን ዕፅ ማምረት ይጀምራል፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ስካይለርን ደግሞ ዓይን ዓይኗን እያየ ይዋሻታል። ብዙ ተመልካች ግን የጠላው ዋሾውን ባል ሳይሆን፣ የት አመሸህ ብላ የምትጠይቀውን ሚስት ነበር። ጥላቻው እጅግ ከመክረሩ የተነሣ ስካይለርን ሆና የተጫወተችው አና ገን በ2013 በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ጽፋለች። በሁለቱም ወገን ያየሁት ፍርድ አንድ መሆኑ አሳዘነኝ፤ ተውኔቱንም እንደገና እንድገልጠው ያደረገኝ ይኸው ነው።

ሌዲ ማክቤዝ ባሏን አልገፋፋችም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ንጉሡን የመግደሉ ሐሳብ፣ ጠንቋዮች ንጉሥ ትሆናለህ ብለው ከተነበዩለት በኋላ፣ በማክቤዝ ልብ ውስጥ የገባው ገና ከሚስቱ ጋር ሳይገናኝ ነው። እንዲያውም ትንቢቱን በደብዳቤ ሲያበስራት የሚጠራት የታላቅነቱ ተካፋይ እያለ ነው። ንጉሥ ደንከንን በገዛ ቤታቸው ሲያታልሉት ሁለቱ አንዱ ከሌላው የሚደብቁት ነገር አልነበረም፤ ወንጀላቸው አስከፊ ቢሆንም ጋብቻቸው ግን እስከዚያች ሌሊት ድረስ እውነተኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጋብቻው የሚሰነጠቀው በ3ኛው ገቢር ነው። ማክቤዝ የጦር ባልደረባውን ባንኮን የሚገድሉ ሰዎች ያለ እርሷ ዕውቀት ካሰማራ በኋላ፣ ምን ሊደረግ ነው ብላ ስትጠይቀው፣ በቁልምጫ ጠርቶ ነገሩን ሳታውቅ ንጹሕ ሆና እንድትቆይ ይነግራታል። ቃሉ የርኅራኄ ይመስላል፤ በተግባር ግን ከምኞቱ ተካፋይነት ወደ ተመልካችነት ያወርዳታል። ዋልተር ዋይትም ሚስቱን የሚያርቃት በዚሁ ዓይነት የአሳቢነት ቃል ነው።

ሌላው የሼክስፒር ተውኔት «ኦቴሎ» ሲነሣም የሚወራው ኢያጎ አለቃውን ኦቴሎን ሚስትህ ዴዝዴሞና ከድታሃለች ብሎ እንዴት እንዳሳተው ነው። የዴዝዴሞናን መሐረብ አንሥታ ለባሏ የሰጠችው የኢያጎ ሚስት ኤሚሊያ ለምን እንደፈለገው እንኳ ሳታውቅ የተንኮሉ መሣሪያ መሆኗን፣ እውነቱን በአደባባይ ስትናገርም በባሏ እጅ መገደሏን የሚያነሣ ሰው ብዙ አልገጠመኝም።

ዋልተር በመጨረሻው ክፍል ስካይለር ፊት ቆሞ፣ ሁሉንም ያደረገው ለራሱ እንደሆነና እንደወደደውም ይነግራታል። ያን ትዕይንት ሳይ እውነቱ ዘግይቶም ቢሆን ለእርሷ መነገሩ እፎይታ ሰጥቶኛል። ሌዲ ማክቤዝ ይህን ያህል እንኳ አላገኘችም። በ5ኛው ገቢር በእንቅልፍ ልቧ ስትመላለስ የሚሰሟት አንድ ሐኪምና አንዲት ደንገጡር ብቻ ናቸው፤ እርሷ ግን እዚያ ለሌለው ባሏ እጅህን ስጠኝ፣ የተደረገው ላይመለስ ተደርጓል፣ እንተኛ እያለች ትናገራለች።