ዶክተሮች፣ የምታውቁትን ጻፉልን!

እናንተዬ፣ ይህን ሳልናገር ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባለቤቴ እዚሁ ባሕር ዳር ባጃጅ ነው የሚሠራው። ዘጠኝ ዓመቱ። ጠዋት ከአባይ ማዶ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል፤ ኮብልስቶኑንም ጉድጓዱንም በወገቡ ነው የሚቀበለው። መጀመሪያ ወገቤን፣ ወገቤን ይል ነበር። ቆይቶ ህመሙ በቀኝ በኩል ወረደና ባቱን ይዞ እስከ አውራ ጣቱ ደረሰ። ሲያስነጥሰው ይጮሃል። አሁን ጫማውን የማስርለት እኔ ነኝ።

ሐኪም ቤት ሄድን። ኤምአርአይ ታዘዘ፣ ከወንድሜ ተበድረን አስነሳነው። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፣ እግዜር ይስጠው፣ ሰው የሚያናግር ዓይነት። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አሳየን። ከዚያ የፊልሙን ፖስታ ገለበጠና በእስክሪብቶ ሁለት አጥንት ሳለ። መሀላቸው ዲስኩን፣ ከዲስኩ ወደ ኋላ ያበጠችውን ነገር፣ እሷ የተጫነችውን ነርቭ። «ይቺ ናት እግሩን የምታቃጥለው፤ በአራተኛውና በአምስተኛው መሀል ያለው ዲስክ ተንሸራቷል» አለን። ገባን። ባለቤቴ እንኳን «ተመስገን፣ ስሙ ታወቀ» ብሎ ቀለል አለው።

ከዚያ የመድኑን ፎርም ሰጠሁት (የምሠራበት ድርጅት ለቤተሰብ የሕክምና ሽፋን አለው፤ መጀመሪያ ራስህ ትከፍላለህ፣ ደረሰኝ አቅርበህ ታስመልሳለህ)። በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው እያየ ቶሎ ብሎ ሦስት ፊደል ጻፈበት። ኤልቢፒ። የወገብ ህመም ማለት ነው። ከጎኑ የበሽታው መለያ ቁጥር፣ ኤም 54.5። ፊርማ፣ ማህተም፣ አለቀ ብለን ወጣን።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ተመለሰ። ለወገብ ህመም ኤምአርአይ አያስፈልግም፣ አንከፍልም።

መጀመሪያ የረገምኩት መድኖቹን ነበር። ነርስ ጓደኛዬ ናት ቁጭ አድርጋ ያስረዳችኝ። ተራ የወገብ ህመም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ራሱ ይተዋል፣ አደገኛ ምልክት ከሌለው ሁሉንም ሰው ኤምአርአይ ማስነሳት ከንቱ ወጪ ነው። እሺ፣ ሕጉ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ወረቀቱ ነው! የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ምደባ፣ አሥረኛው እትም፣ ኤም 54.5 ስር በዲስክ መንሸራተት የመጣ የወገብ ህመም እዚህ አይገባም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ዲስኩ ነርቭ ሲነካ ሌላ ቁጥር አለው፣ ኤም 51.1። የነርቭ ቧንቧው ሲጠብም የራሱ አለው፣ ኤም 48.0። አሜሪካኖቹ ጭራሽ 54.5 በጣም ሰፊ ነው ብለው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2021 ለሦስት ከፈሉት፤ አሁን እዚያ 54.5 ብቻውን ተጽፎ ከተላከ ሂሳቡ ሳይከፈል ይመለሳል። ማለቴ፣ «ወገቡን ያመዋል» ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። እሱንማ እኔም አውቃለሁ፣ ሐኪም ቤት የወሰድኩት ለዚህ አይደል እንዴ?

ከዚያ ማስተካከል ተጀመረ። ረቡዕ ሄድኩ፣ ዶክተሩ አዳር ነበረ፣ ወጥቷል። ዓርብ ሄድኩ፣ ሥልጠና ላይ ነው። ተረኛው ሐኪም «እህቴ፣ ያላየሁትን ሰው እንዴት እጽፋለሁ፣ ይዘሽው ነይ» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ይዞ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። የባጃጅ ሹፌሩ ባጃጅ ላይ መቀመጥ አይችልም! የኋላ ወንበሩ ላይ በጎኑ አጋደምነው፣ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ ጓደኛው ቀስ እያለ ነዳልን። የፍጥነት መቀነሻ ስናይ ገና ከሩቁ እጄን ጭምቅ ያደርገኛል።

ካርድ ክፍል ሁለት ሰዓት ቆምን። ካርዱ የለም ተባለ፣ ኋላ ተገኘ። ሐኪሙ አየው፣ ፊልሙን አየ፣ የድሮውን ሰርዞ 51.1 ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ማህተም ክፍል ስደርስ ግን «ስርዝ ድልዝ ያለበት ላይ አንመታም፣ አዲስ ፎርም አስሞልተሽ ነይ» አሉኝ። ዞር ስል ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቷል። እዚያው ኮሪደር ላይ አለቀስኩ።

አጠገባችን ከፎገራ የመጡ አባት ነበሩ። ሩዝ ሲያርሙ ጎንበስ ብለው ነው የሚውሉት። ሪፈራቸው ላይ ያለው «የወገብ ህመም» ብቻ ነው። ስንት ወር ሆነው፣ እግራቸው ደንዝዟል ወይ፣ ምን ተሰጣቸው፣ ምንም የለም፤ ሁሉ ነገር ከዜሮ ተጀመረ። ፎገራ እኮ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጤና መድን ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ ነበረች። ሰው መዋጮውን ሲከፍል ስንት ዓመቱ ነው፣ ለዚህ ሁሉ ዓመት አንድ የተሟላ መስመር አይገባውም?

ገንዘቡ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጀርባ አጥንት ቲቢም ሲጀምር የወገብ ህመም ነው የሚመስለው። እሱም ቁጥር አለው፣ ኤ 18.0፤ ከዘገየ አከርካሪውን አፍርሶ ሰውን ከእግሩ ይጥላል። የወሩ ሪፖርት ከመዝገቡ ነው የሚለቀመው። መዝገቡ ላይ ሁሉም «የወገብ ህመም» ከሆነ፣ በዚህ ከተማ ስንት ሰው ዲስኩ ተንሸራቷል፣ ስንቱን ቲቢ እየበላው ነው፣ ስንት የነርቭ ቀዶ ሐኪም ያስፈልገናል፣ ማን በምን ያውቃል?

ወረፋው እንደሚያደክማችሁ አይቻለሁ ዶክተሮች፣ ምሳ ሳትበሉ ስትውሉ አይቻለሁ። ግን በአፋችሁ የነገራችሁንን ያንኑ ወረቀቱ ላይ አስፍሩልን። የትኛው ዲስክ፣ በየት በኩል፣ ነርቭ ነክቷል አልነካም። ግማሽ ደቂቃ ነው። ለእኔ ግን አራት ቀን የሥራ ፈቃድ፣ ለእሱ ደግሞ ያ ሁሉ የፍጥነት መቀነሻ ነው።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አዲሱን ፎርም ይዤ በሩ ላይ ነኝ። ዶክተሩ የሳለባትንም ፖስታ እይዛለሁ። ምንም ሳልል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ይህቺን ጻፍልኝ እለዋለሁ።