ስለሚወዳት ነውኮ!

አንድ ሰው ሚስቱን ሲገድል፣ ገና ሬሳዋ ሳይነሳ አንድ አስተዋይ ሰው አይጠፋም፦ «ከልክ በላይ ይወዳት ነበር።» ይህን ርኅሩኅ ልማድ የሚያመሰግን አጣሁ። እስቲ እኔ ላመስግን።

ምስክሮቼ ከወደ እንግሊዝ ናቸው። ገጣሚው ሮበርት ብራውኒንግ ሁለት ቀንደኛ አፍቃሪዎች ትቶልን አልፏል።

አንደኛው የጣሊያኗ ከተማ የፌራራ መስፍን ነው፤ ግጥሙ የታተመው በ1842 እ.ኤ.አ. ነው። መከራው ብዙ ነው። ሚስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ አይታ ደስ ይላታል። አንዱ ከአትክልቱ የቼሪ ቅርንጫፍ ቢሰብርላት ታመሰግናለች። በነጭ በቅሎዋ ስትሄድም ፊቷ ይፈካል። እሱ የ900 ዓመት የዘር ስም ሰጥቷት፣ እሷ ከቼሪ እኩል ታመሰግነው! ጠርቶ «ይሄ ነገርሽ አልተመቸኝም» እንዳይላት፣ ለእንዲህ ያለ ነገር አፍ መክፈት ለክብሩ አይመጥንም። ስለዚህ ትእዛዝ ሰጠ። ፈገግታው ሁሉ ባንዴ ቆመ።

አሁን ሥዕሏ ግድግዳው ላይ ነው፤ መጋረጃውን ከእሱ በቀር ማንም አይገልጠውም። ለማን ፈገግ እንደምትል በመጨረሻ እሱ ወሰነ። ሥዕሉን የሚያሳየው ደግሞ ለማን መሰላችሁ? የአዲሲቱ ሙሽራ አባት ለላከው መልእክተኛ! ሙሽራዋ ይዛ የምትመጣውን ሀብት ጉዳይ እግረ መንገዱን ጣል ያደርጋል፤ ሲወጡም ከነሐስ የተሠራ ሐውልቱን ያስጎበኘዋል። ብርቅ ዕቃ ነዋ።

ሁለተኛው ፖርፊሪያ የምትባል ሴት ወዳጅ ነው። ዝናብና ነፋስ በበረታበት ሌሊት መጣችለት። በሩን ዘጋች፣ እሳቱን አነደደች፣ እርጥብ ካባዋን አውልቃ አጠገቡ ተቀመጠች። ጠራችው፤ ዝም። እንደምትወደው ነገረችው። አሁን የኔ ናት ብሎ አሰበ። ነገ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል? የገዛ ጸጉሯን አንገቷ ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠመው። ምንም እንዳላመማት ደግሞ ራሱ ይመሰክርላታል። እርግጠኛ ነው። ሁለቱም ግጥሞች ውስጥ ተራኪው ገዳዩ ነው፤ ሌላ ምስክር ምን ያደርጋል?

ልዩነታቸው የአቅም ብቻ ነው። መስፍኑ አዛዥ ነው፣ እጁን አላቆሸሸም። ያኛው ምስኪን ሁሉን በራሱ እጅ ሠራ፤ መሣሪያውንም ያገኘው ከሟቿ ራስ ላይ ነው።

ሕጉም ቢሆን ከአፍቃሪዎች ጎን ነበር። ብራውኒንግ ይህን ሲጽፍ በእንግሊዝ ያገባች ሴት ንብረት በአብዛኛው የባሏ ነበር። ራሷ በሙሉ መብት እንድትይዘው የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1882 ነው። ንብረት እንዴት ንብረት ይኖረዋል?

መስፍኑ አልፎንሶ ዳግማዊ ነው ይባላል። ሚስቱ ሉክሬዚያ ደ ሜዲቺ በ1561 ሞተች። ለካ ያን ሁሉ ፈገግታ የፈጸመችው በ16 ዓመቷ ነው! በመርዝ ተገደለች ተብሎ ተወራ (የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ሕመም ነው ይላሉ፤ ገጣሚው ግን ወሬውን መረጠ)። መልእክተኛው ሥዕሉን አይቶ ምን እንዳለ ግጥሙ አይነግረንም። በታሪክ ግን ሰርጉ አልቀረም፤ አልፎንሶ በ1565 የንጉሠ ነገሥት ልጅ ባርባራን አገባ። እሷም ከሞተች በኋላ፣ በ1579 ሦስተኛዋን አመጣ። ሴት ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች እንዲህ ያለ አፍቃሪ ሲገኝ ብዙ አይጠይቁም።