የኮንስታብሉ ስም የት ነው የተጻፈው?

በቅርቡ እዚህ ጎንደር አንድ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ሟቹ ኮንስታብል ነው፤ ተረኛ ሆኖ ሳለ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ሪባን የታሰረበት ፎቶው ተቀምጧል። ፎቶው ግን የሠርጉ ነው። ከረባት አስሯል። ሙሽራዋ ተቆርጣ ወጥታለች፤ ነጭ ጓንት ያጠለቀው እጇ ብቻ ትከሻው ላይ ቀርቷል። የደንብ ልብስ የለበሰበት ፎቶ ጠፍቶ አይደለም። አጎቱን ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዘመኑን እያየኸው፣ ልጄ» አሉኝ።

ዘመኑማ ይታያል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ነው። ስለ ፖሊስ ሲወራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንዱ «የመንግሥት ሰው» ይለዋል፣ ሌላው «የእኛው ልጅ»። ሁለቱም እውነት ነው። ፖሊስን የሚያማርር ሰው ምክንያት አለው፤ ያለ አግባብ የታሰረ፣ አቤቱታውን ሰሚ ያጣ ሞልቷል። ይህን ልሸፋፍን አልፈልግም። ግን በተቋሙ ስለተቀየምን ሥራው ላይ የተገደለውን ሰው ስም መጥራት ልናፍር ነው?

ለመሆኑ ሥራው ምን ነበር? ጥር 11 ጠዋት ፋሲለደስ መዋኛ ሄዳችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ውኃው ተባርኮ ወጣቱ ዘሎ ሲገባ፣ ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ ሕዝቡን የሚገፋ አንድ ፖሊስ አይታችኋል። ሌሊቱን እዚያው ነው ያደረው። ጥምቀት በ2012 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ጨፈርን። እሱ ግን በዓሉን በጀርባው ነው የሚያውቀው። ስታዲየምም እንደዚያው፤ ጎል ሲገባ የሚያየው የእኛን ፊት ነው። ሰው ታገተብን ስንልም የምንሮጠው ወደ እሱ ነው። ይድረስልን አይድረስልን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የምንሮጠው ግን ወደ እሱ ነው።

ሕጉ ስለ ገዳዩ አስቧል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 84፣ ተበዳዩ ሥራው ላይ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑ የቅጣት ማክበጃ ነው። ስለ ሚስቱም አስቧል። የሟቹን ጡረታ ግማሹን እሷ፣ 20 በመቶውን ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ያገኛል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። መከራው ወረቀቱን ማሟላቱ ላይ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ገጠር ውስጥ በሽማግሌ የተዳረች ሴት ብዙ ጊዜ የጋብቻ ወረቀት የላትም። ምስክር ቆጥራ ፍርድ ቤት ትሄዳለች። ከል እንደለበሰች ወረቀቷን በፌስታል ይዛ ቢሮ ለቢሮ ትዞራለች። «ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል።» «ሲስተም የለም።» «ሰኞ ነይ።» ባሏ ተረኛ ሆኖ ሲሞት ማንም ሰኞ ና አላለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ፖሊስ ሲሞት ከባልደረቦቹ አንዱ ይመደብና ያንን ፌስታል ተቀብሎ ይዙር። በጀት አይጠይቅም፤ ሁለት እግርና የደንብ ልብስ ይበቃል። ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ቢሮ ሲገባ ሲስተሙም ቶሎ ይመጣል፣ እናውቃለን።

ሁለተኛው ስሙ ነው። እኛ ጎንደሬዎች ለነገሥታት ስም ሰስተን አናውቅም። አየር ማረፊያው አፄ ቴዎድሮስ ነው፣ ኳስ ክለቡ ፋሲል፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎችም እንደዚያው። ለኮንስታብል ሐውልት ይቁም አላልኩም። ባገለገለበት ጣቢያ ግድግዳ ላይ ስሙ፣ ማዕረጉና የሞተበት ቀን ይጻፍ።

አንድ ወዳጄ «ግድግዳ ላይ ብትጽፈው ቤተሰቡን ታስበላለህ» አለኝ። ልክ ነው፣ አሁን ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ለጊዜው መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ግድግዳው ቤተሰቡ ሲፈቅድ ይደርሳል። መዝገቡ ግን ዛሬ ይከፈት። አለቃ ይቀየራል፣ ባልደረባም ይዛወራል፣ ፋይል ደግሞ የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ልጁ አድጎ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ «አባቴ እዚህ ነበር የሚሠራው» ሲል፣ ተረኛው መኮንን ገልጦ የሚያሳየው ገጽ ይኑረው።