ለእድር ወንበር የምንጮህ ሰዎች ለትሪሊዮኑ በጀት ለምን ዝም አልን?

ወገኖቼ፣ ባለሥልጣን መውቀስ ለምደናል። ዛሬ ግን ወቀሳው ወደ እኛ ወደ ራሳችን ይዙር።

የእድር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው የምለውን ያውቃል። ገንዘብ ያዡ ቆሞ ሂሳብ ያነባል። የድንኳን ኪራይ ገቢ ይህን ያህል፣ የተሰበረ ብርጭቆ መተኪያ ይህን ያህል። አንድ አባት ከኋላ እጃቸውን ያወጣሉ። «አምና አርባ ወንበር ነበረን፣ ዘንድሮ ሠላሳ ስምንት ይላል። ሁለቱ የት ገቡ?» አዳራሹ ይተራመሳል። ደረሰኝ ይምጣ ይባላል። ሰው ተመርጦ ዕቃ ቤት ገብቶ ይቆጥራል። ገንዘብ ያዡ ጎረቤታችን ቢሆን፣ በለቅሶም በሠርግም ያልተለየን ሰው ቢሆን አንምረውም። እሱም አይቀየምም። የጋራ ገንዘብ ነዋ!

እኒሁ ሰዎች ነን 1.93 ትሪሊዮን ብር በዝምታ የምናሳልፈው። የ2018 በጀት ዓመትን የፌዴራል መንግሥት በጀት ማለቴ ነው። የ2017ቱ መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። በአንድ ዓመት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በዶላር ፊት መውረዱ አንዱ ምክንያት መሆኑ ይገባናል። ግን ቁጥሩ በዜና ሲነበብ «ወይ ጉድ!» ከማለት አልፎ ማን ምን ጠየቀ?

ገንዘቡ ከሰማይ አልወረደም። በወር ከ14 ሺህ ብር በላይ የሚከፈለው ሠራተኛ ከዚያ በላይ ካለው ብር ላይ 35 በመቶው ይቆረጥበታል። ደመወዝ የሚባል የማታውቅ፣ ጉሊት ቸርችራ የምታድር እናት እንኳ ከሱቅ በምትገዛው ሳሙና ዋጋ ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክስ ትከፍላለች። የጎደለው በብድር ይሞላል። ብድሩን ደግሞ ልጆቻችን ይከፍሉታል።

ጠያቂ መሥሪያ ቤት የለም እንዳትሉኝ። አለ። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሳይቀር ዋና ኦዲተር የሚባል ሹመት ነበረው። የአሁኑም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 101 ዋና ኦዲተር እንዲኖር፣ የመሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ እንዲመረምርና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዛል። ኦዲተሮቹም ሥራቸውን ይሠራሉ። በየዓመቱ ምክር ቤት ቀርበው ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ከመመሪያ ውጪ የተከፈለ ክፍያ፣ ያለ ጨረታ የተፈጸመ ግዢ እያሉ ያነባሉ። ከዓመት ዓመት የግኝቱ ዓይነት አንድ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ብቻ ይቀያየራል። አንዳንዴ እሱም አይቀየርም።

የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ጠርቶ ሲጠይቅ የሚሰጠውን መልስ አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? «እኔ ከመምጣቴ በፊት የተፈጸመ ነው።» ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። በሰኔ የሚቀርበው ሪፖርት የሚያወራው ባለፈው ሰኔ 30 ስለተዘጋው ዓመት ነው። ሪፖርቱ እስኪደርስ ያጠፋው ሰው ተዛውሯል፣ ወይ ተሹሟል። አዲሱ ኃላፊ «እናስተካክላለን» ይላል። ይመሰገናል። ይሄዳል።

ለዚህ ነው ገለልተኛ የመንግሥት ወጪና ቅልጥፍና መርማሪ ኮሚሽን ያስፈልገናል የምለው። ኦዲተሩ በአብዛኛው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው የሚደርሰው። የክዋኔ ኦዲት የሚባለው፣ ሥራው በቁጠባና በውጤት ተሠርቷል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ምርመራም ቢሆን የሚያበቃው በምክረ ሐሳብ ነው። እኛ የሚጎድለን ገንዘቡ ሳይወጣ «ቆይ፣ ጥናቱ የታለ?» የሚል ሰው ነው።

የስኳሩን ነገር አስታውሱ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ በ2007 የስኳር ምርታችን 2.25 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ተባልን። ዐሥር አዳዲስ ፋብሪካዎች ይገነባሉ፣ ለዓለም ገበያም ስኳር እንሸጣለን ተባለ። አጨበጨብን። የፋብሪካዎቹ ግንባታ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ ተሰጠ። በጣና በለስ የስኳር ፕሮጀክት አገዳው ደረሰ፣ ፋብሪካው ግን አልደረሰም። አገዳው ማሳው ላይ አረጀ። እናንተ ደግሞ ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለሁለት ኪሎ ስኳር ተሰለፋችሁ። ኅዳር 2011 ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሜቴክ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ብለው ሲናገሩ አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠ። አንድ ሳምንት ሙሉ በየታክሲው ሌላ ወሬ አልነበረም። ከዚያስ? ስንት ብር ተመለሰ ብሎ የጠየቀ ማን ነው? የታሰሩትን ሰዎች ስም አጥንተን ገንዘቡን ረሳነው።

ያኔ፣ ውሉ ሳይፈረም፣ አንድ ነፃ አካል ተነሥቶ እንዲህ ብሎ ቢሆን አስቡት። ይህ ድርጅት የስኳር ፋብሪካ ሠርቶ ያውቃል? አገዳው የሚደርሰው መቼ ነው? ፋብሪካውስ? ያንን ለመጠየቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከሥልጣኑ የማያነሡት ሰው መሆን ብቻ ይበቃል።

«ደግሞ ሌላ ኮሚሽን? ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ መኪና፣ ሌላ አበል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ፍርሃቱ የእኔም ነው። በ2011 የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን ተቋቋመ፣ የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽንም ተቋቋመ። ምን ሠርተው ምን አስረከቡን ብሎ የተከታተለ ስንት ሰው ነው? ስለዚህ የምለው ኮሚሽን ትንሽ ይሁን። ዕድሜው በሕግ ይወሰን፣ ሥራውን ሲጨርስ ይዘጋ። አባላቱ የፓርቲ ሰው አይሁኑ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሾሟቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚሽራቸውም አይሁኑ። ያገኙትን በቀጥታ ለሕዝብ ያውጡ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ። መሥሪያ ቤቱም በተቆረጠለት ቀን በጽሑፍ መልስ ይስጥ።

ጥርስም ይኑረው። ደቡብ አፍሪካ ሕጓን አሻሽላ ከ2019 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ለዋና ኦዲተሯ አዲስ ሥልጣን ሰጥታለች። ከፍተኛ ጉድለት የተገኘበት ኃላፊ ተነግሮት፣ ጊዜ ተሰጥቶት ካላስተካከለ፣ ኦዲተሩ ዕዳውን በራሱ በኃላፊው ስም ሊጽፍበት ይችላል። በመሥሪያ ቤቱ አይደለም፣ በሰውዬው። ጎረቤት አህጉር እንኳ አይደለችም፣ አፍሪካ ናት። እዚያ በሕግ የተጻፈ እዚህ የማይጻፍበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ኮሚሽኑ ነገ ቢቋቋም ከማን ጋር ነው የሚታገለው? ከሚኒስትሩ ጋር ብቻ ይመስላችኋል?

ባለ ሱቁ ወንድሜ፣ የመንግሥት ቢሮ ግዢ ሠራተኛ መጥቶ ሦስት ፕሮፎርማ ሲጠይቅህ ምን ታደርጋለህ? የራስህን ትጽፋለህ። ከዚያ የጓደኞችህን ማኅተም አስመጥተህ ሁለት ውድ ዋጋ ትሞላለህ። አሸናፊው ራሱ ተሸናፊዎቹን ይዞ ይቀርባል። «ደረሰኙ ላይ ትንሽ ጨመር አድርግልኝ» ሲልህም ትጨምራለህ። ማታ ቤትህ ገብተህ «ይቺ አገር በሌባ አለቀች» ትላለህ።

እህቴ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሰኔን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ይሆናል፣ ለከርሞ ይቀነስብናል ተብሎ ቢሮው ይጨነቃል። የማይፈለግ ወንበር ይገዛል። ወደ አዳማ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሐዋሳ የሥልጠና ደብዳቤ ይወጣል። ጠዋት ይፈረማል፣ አበል ይከፈላል፣ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ባዶ ነው። ደመወዝሽ እንደማይበቃሽ አውቃለሁ። የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደሆነ ማን ይነግረኛል! ግን ላልተቀመጥሽበት ሥልጠና የፈረምሽው ፊርማ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ነው፣ የልጆቻችን መማሪያ መጽሐፍ ነው።

እሑድ ሠርግ ቤት በር ላይ ኮድ 4 የመንግሥት መኪና ቆሞ ስናይ ዓይናችን ተለምዶ አያይም። ባለመኪናው ዘመዳችን ከሆነማ እኛም ተሳፍረንበት ነው የሄድነው።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ይህ ነው። አንድ ሰው ዐሥር ዓመት ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ሰብስቦ፣ በገባበት ልብስ ሲወጣ «ጅል! አንድ ቤት እንኳ ሳይሠራ ወጣ» እንለዋለን። ሚስቱም ትሰማዋለች፣ ልጆቹም ይሰሙታል። የዘረፈው ደግሞ ሰርግና ክርስትና ላይ የክብር ቦታ ይሰጠዋል። የራሳችን ብሔር ሰው በኦዲት ሲነካ «ሕዝባችን ተነካ» ብለን እንነሣለን። የሌላው ሲነካ እናጨበጭባለን። በዚህ ዓይነት የትኛው ኮሚሽነር ነው ደፍሮ ስም የሚጠራው? ገና የመጀመሪያውን ሪፖርት ሲያወጣ የትኛው ብሔር ነው ብለን ኮሚሽነሩን ራሱን እንመረምረዋለን።

ተው! የሕዝብ ገንዘብ የሰረቀ የማንም ሕዝብ ወኪል አይደለም። ወገኖቹን ቀድሞ የሰረቀ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ማድረግ የምንችለው ነገር አለ፣ ኮሚሽኑን እስክናገኝም። በብዙ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግቢ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የወረዳው በጀት ይለጠፋል። እኔ በምኖርበት ወረዳ ያለውን ሄጄ አየሁት። ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ጎን ነው። የሥራ ማስታወቂያው ፊት ወጣቶች ተሰብስበው በስልክ ፎቶ ያነሣሉ። ከጎኑ ያለው የበጀት ወረቀት ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል፣ የታችኛው ጥግ ተቀድዷል። ትምህርት፣ ጤና፣ መንገድ፣ በየረድፉ ብሩ ተጽፏል። ቆሜ ሳነብ የጥበቃው ሠራተኛ መጥቶ «ምን ፈልገው ነው?» አለኝ። ክፋት አልነበረውም። ያንን ወረቀት የሚያነብ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ነው።

አንብቡት። ለጤና ጣቢያው የተያዘው ብር ጤና ጣቢያው ደርሶ እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ። ካልገባችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ማመልከቻችሁን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥር ተቀበሉ።

ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ተወካያችሁ ወደ መረጣችሁት አካባቢ ይመጣል። አዳራሽ ትጠራላችሁ። ያን ቀን ስለ መንገድና ስለ መብራት ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። እጃችሁን አውጡና፣ የዘንድሮውን የዋና ኦዲተር ሪፖርት አንብበሃል ወይ በሉት። የትኛው መሥሪያ ቤት ላይ ጥያቄ አነሣህ በሉት። ገለልተኛ የወጪ መርማሪ ኮሚሽን እንዲቋቋም ሐሳብ ታቀርባለህ ወይስ አታቀርብም በሉት። የሚላችሁን ቃል በቃል ጻፉ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ለጎረቤቶቻችሁም ላኩት። በሚቀጥለው ሐምሌ ሲመጣ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ።