እሳቸውማ ምን ያድርጉ!

ያቺ ወርቅ አባባል ሰሞኑን ደግሞ ከየስብሰባው ብቅ ብላለች፦ «እሳቸውማ ደግ ናቸው፤ የሚያበላሹት የከበቧቸው ናቸው።» እሰይ፣ አበጃችሁ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ሙያ ነው፤ በዚህ ሙያ ደግሞ የስምንተኛው ሄንሪ ዘመን እንግሊዛውያንን የሚያህል የለም።

እ.ኤ.አ. በ1525 ግርማዊነታቸው ለፈረንሳይ ዘመቻ ከምእመናን ንብረት እስከ አንድ ስድስተኛ፣ ከካህናት እስከ አንድ ሦስተኛ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ሊያስከፍሉ ተነሡ። ሰፎክ በሚባለው አውራጃ ሕዝቡ ሲያምፅ ግን ለካ ነገሩን አልሰሙም ኖሯል! ጣጣው ዋና ሹማቸው ካርዲናል ዎልሲ ራስ ላይ ወረደ፤ ምሕረቱ የንጉሡ ሆነ።

የሮበርት አስክ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በ1536 የዓመት ገቢያቸው ከ200 ፓውንድ በታች የሆነ ገዳማት እንዲዘጉ ታወጀ፤ መሬቱም ንብረቱም ለዘውዱ። (ለአማካሪዎቹ እንዳትሉኝ።) ሰሜኑ ተነሣ። ጠበቃው አስክ ዮርክ ገብቶ፣ የፖንትፍራክት ምሽግ እጁን ሰጥቶት፣ 30,000 ያህል ሰው አሰልፎ ዶንካስተር ደረሰ። ፊት ለፊቱ የቆመው የኖርፎልክ መስፍን ጦር ከዚያ በብዙ ያንሳል። ታዲያ በመካከላቸው ያለውን ወንዝ ይሻገራል? ኧረ በጭራሽ! በአምስቱ የክርስቶስ ቁስሎች ሰንደቅ ሥር የተማለው እኮ ለንጉሡ ታማኝ ሆኖ ክፉ አማካሪዎቹን ሊያባርርለት ነው። 24 ነጥብ ያለው አቤቱታ ተጻፈ፤ የንጉሡ ዋና አማካሪ ክሮምዌል ይቀጣ ተባለ። መስፍኑ ምሕረትና ፓርላማ በንጉሡ ስም ቃል ሲገባ አስክ የዓመፁን ምልክት ከላዩ ቀዶ ጣለ፤ ሰዉም ወደየቤቱ ተበተነ። ለገና ቤተ መንግሥት ተጠራ፤ በክብር ተስተናገደ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ንጉሡ ቃላቸውን ይጠብቃሉ እያለ ሰሜኑን ሰበከ። በጥር 1537 የሰሜኑ ባላባት ፍራንሲስ ቢጎድ ሲያምፅ እንኳ አስክ «ተዉ» ባይ ነበር። ፓርላማው አልተጠራም። የቢጎድ አመፅ ሰበብ ሆነና አስክ በሐምሌ ዮርክ ላይ በሰንሰለት ተሰቀለ።

በሰሜኑ ከተማ በካርላይል የተፈረደባቸው 74 ዓመፀኞችም በየመንደራቸው ተሰቅለዋል። ሚስቶችና እናቶች በሌሊት ሬሳ እያወረዱ ቀብረዋል። በየመንደሩ ሰው ይሰቀል ብሎ የጻፈው ሄንሪ ነው። ራሱ። የእነዚያን ሚስቶችና እናቶች ለቅሶ ለማስተባበል የሚሽቀዳደም አፍ ሁሉ ሊያፍር ይገባዋል።

ክሮምዌልስ? የሰሜኑ ሰው ጸሎት በ1540 ደረሰ፦ ችሎት ሳይቀርብ አንገቱ ተቀላ፤ ግርማዊነታቸውም በዚያው ቀን ካትሪን ሃዋርድን አገቡ። ዓመት ሳይሞላ ግን፣ የፈረንሳዩ አምባሳደር እንደጻፈው፣ ታማኝ አገልጋዬን በሐሰት ክስ ያስገደሉኝ አማካሪዎቼ ናቸው እያሉ ያማርሩ ጀመር። የገዳማቱን መሬት ግን አልመለሱም።