ተፈጥሮ ሆይ፣ ገጣሚ አያሳጣሽ

ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የግጥም ምሽት ታድሜ ስለ አካባቢ ጥበቃ የነበረኝ ስጋት ሁሉ ለቀቀኝ። እንዲህ የሚያለቅሱልን ገጣሚዎች እያሉ ምን እንሆናለን? ጀነሬተሩ ይንደቀደቃል፤ ዋርካው ላይ በሚስማር የተቸነከረው የፕላስቲክ ባነር «ዛፍ ሕይወት ነው» ይላል።

የምሽቱ ፈርጥ ግን ለአንድ ዛፍ ሙሾ ያወረደው ወጣት ነበር። «የአያቶቼ ጥንታዊ ጥላ» ብሎ ጀመረ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ፈረሳቸውን አሰሩበት፤ አርበኞች ከሥሩ ተማማሉ፤ መነኩሴ ዳዊት ደገመበት፤ እረኛ ዋሽንት ነፋበት። ዛፉ ማን እንደሆነ የታወቀው ስድስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ባሕር ዛፍ! በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው፣ እህል የማያስጠጋው፣ ለዶሮ እንኳ የሚበቃ ጥላ የሌለው ባሕር ዛፍ። የንጉሡን ፈረስ ነፍስ ይማር። ከዚያ ዛፉ ቀስ እያለ ሴት ሆነ፤ ረዘመች፣ ቀጠነች፣ ትታው አዲስ አበባ ሄደች። ባሕር ዛፍም አጣና ሆኖ አዲስ አበባ ይሄዳልና እዚህ ላይ ግጥሙ አልዋሸም። ታዳሚው አለቀሰ።

የጎጃም የቅኔ ተማሪማ ቅኔ የሚቆጥርበት ዛፍ ዋንዛ ይሁን ብሳና ለይቶ ያውቅ ነበር። ኋላ ቀርነት! ለዘመናዊ ገጣሚ «ዛፍ» ይበቃዋል።

እምቦጭም ባለውለታችን ነው። ከ«ምንጭ» ጋር ቤት ስለሚመታ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ከታወቀ ወዲህ ያላበቀለው ስንኝ የለም። አረሙ የበረታው ግን ከመድረኩ ማዶ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። እዚያ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ነቅሎ ሳይጨርስ መልሶ በቀለበት። የሚያፋፋው ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና እኛ ከተሜዎች የምንለቀው ቆሻሻ ፍሳሽ ነው። ይህን የሚናገር አንድ ስንኝ እንኳ ጠፍቶ «እናቴ ጣና» እያሉ ማላዘን ነውር ነው! እናቱ ላይ ሽንት ቤቱን የሚደፋ ምን ዓይነት ልጅ ነው?

ይቅርታ፣ ማመስገን ላይ ነበርኩ። የሚቀጥለው ምሽት ጢስ ዓባይ ነው ተብሏል። ስለ ፏፏቴው ነጎድጓድ ግጥሙ ከወዲሁ ተጽፎ አልቋል፤ ውሃው ያን ቀን ወደ ኃይል ማመንጫው ከተጠለፈ ነጎድጓዱን አዘጋጆቹ በድምፅ ማጉያ ያሰሙናል።